አንድ ስም ለሁለት ልጅ

ራዳሜስ የሚባለውን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት የሰው ልጅ ከንፈር ገልጦ ጥርስ ሲያይ ነው። እኔ በሜዳው ጫፍ ከዛፉ ሥር ምድጃዬን ጥጄ ያኒኬኬ የምንለውን ስስ ቂጣ በዘይት እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ቦታ ነኝ፤ ሜዳው ላይ የሚሆነው ሁሉ ከዓይኔ አያመልጥም። ሰውዬው ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ የአንዱን ባት ይጨብጣል፣ የሌላውን ክንድ ይስባል፣ የሦስተኛውን መዳፍ ከራሱ መዳፍ ጋር ይለካል። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ትንሽ ያፍራል። እናቶቹ ደግሞ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ዳር ቆመው ፈገግ ይላሉ። ይህን እያየሁ ግን የልጅ ልጄን አንዬሎን ጀርባውን ገፋ አድርጌ ሰልፉ ውስጥ አስገባሁት። ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ስለሆነ አስቀድሜ ጻፍኩት።

ስሜ ሊብራዳ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ከዱቄት ጆንያ ላይ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ሰፈሩ “አሮጊቷ የልጅ ልጇን ዕድል በገዛ አፏ አጠፋች” እያለ ያወራል። ያውራ። እኔም የሆነውን ላውራ።

እኛ ሰፈር፣ ከሸንኮራ አገዳው ማሳ ወዲህ፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሰው የሚጠይቀው ክብደቱን ሳይሆን በየትኛው እጁ እንደሚወረውር ነው። ጡት ገና ሳይዝ። ከባሕር ማዶ የሚመጡት የቤዝቦል መልማዮች ልጅ አስራ ስድስት ሲሞላው ያስፈርሙታል፤ አስራ ስምንት ከደረሰ ግን እንዳደረ ዓሣ አሽትተው ያልፉታል። እነሱ ዘንድ የሚያደርሱትን ሰዎች “ፈላጊ” እንላቸዋለን። ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥተው ያሠለጥኑታል፣ ሲፈርም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ራዳሜስ ፈላጊ ነበር።

አንዬሎ ያኔ አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ክንዱ ጥሩ ነው፤ ኳስ ሲወረውር አየሩ ሲቀደድ ይሰማል። ራዳሜስ አይቶ አይቶ ምድጃዬ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ አንድ ያኒኬኬ ሳይጠይቅ አንሥቶ እያላመጠ፣ ልጁ ጥሩ ነው ግን ሁለት ዓመት በዝቶበታል አለኝ። ልክ ሱሪው ረዘመበት እንደሚባለው። ቤት ውስጥ የሌላ ወንድ ልጅ የልደት ወረቀት ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።

ነበረ። የትልቋ ልጄ ልጅ እስታርሊን አስራ አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ ዋና ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ እሱም እኔው ጋ ነው ያደገው። አስም አለበት፤ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ እግሩ እንደ መጥረጊያ እንጨት ነው። እሱን መልማይ አያየውም። ስሙ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሰለን። ደግሞ እኛ ሰፈር የልደት ወረቀት መዋዋስ ለሠርግ ኮት እንደ መዋዋስ ነው፤ ከእኛ በላይ ያሉት ሦስት ቤቶች አድርገውታል። ወረቀቱን ከብስኩት ቆርቆሮው አውጥቼ ዘይት በነካው እጄ ሰጠሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዱ በሙሉ ስም ማጥናት ጀመረ። መልማዮቹ ሰው ልከው ጎረቤት ስለሚያስጠይቁ ራዳሜስ ሰበሰበንና፣ ይሄ ትልቁ እስታርሊን ነው፣ አንዬሎ የሚባለው ዋና ከተማ ሄዷል ብሎ አስጠናን። ባለሱቁ አጠና፣ ፀጉር አስተካካዩ አጠና፤ እንዲያውም ልጅ እንዲመስል የአንዬሎን ጢም ጠዋትና ማታ በነፃ ይላጨው ጀመር። ትንሹን “ቀጮ” በሉት ተባልን። ልጁ መሀላችን ቆሞ፣ እኔስ ማን ልሁን ብሎ ጠየቀ። የአንዬሎ እናት፣ ልጄ ማሪቤል፣ “አንተ ለጊዜው ማንም አይደለህም፤ በፊርማው ገንዘብ ፎቁ ሲሠራ ግን የራስህ ክፍል ይኖርሃል” አለችው። ሳቅን። አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ራዳሜስ የመኪናው ኋላ ላይ የበረዶ ሣጥን አለው። ከላይ ቢራ፣ ከሥር መርፌ። በየሳምንቱ ልጆቹን ከመኪናው ጀርባ ሱሪያቸውን ዝቅ አስደርጎ ይወጋቸዋል። ቫይታሚን ነው ይላል። ጠርሙሱ ላይ የፈረስ ሥዕል አለ። ማንበብ ቢከብደኝም ፈረስ አውቃለሁ። ስጠይቀው ያከበረኝ መስሎ “ዶኛ ሊብራዳ፣ ፈረስ ደካማ ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። ዓይኑን በጨው ያጠበ።

አንዬሎ በሁለት ወር አንገቱ ከጭንቅላቱ እኩል ሆነ። ጀርባው በብጉር ተሸፈነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝንብ እንኳ የማይገድል ልጅ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ወንበር ግድግዳ ላይ ሰበረ። ማሪቤል ስብርባሪውን እየለቀመች፣ እየጠነከረ ነው አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ነው ኑሪስ የመጣችው። አንድ የወጣቶች ማኅበር የላካት፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ ሴት ናት፤ ልጆቹ መምህርት ለማለት “ፕሮፌ” ይሏታል። ያመጣችው ዕቃ የመጥረጊያ እንጨትና አንድ ከረጢት የውኃ ጀሪካን ክዳን ነው። ክዳኑ ይወረወራል፣ በእንጨቱ ይመታል፤ ቢቲያ ነው፣ እኛም ስንቦርቅ ያደግንበት የመንገድ ጨዋታ። ጎልማሳ ሴትዮ ለመጫወት ደመወዝ ትበላለች ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩና ምራቄን ተፋሁ። ሰማችኝ። መጥታ ሁለት ያኒኬኬ ገዛች፣ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የሜዳውን ግማሽ ይዛ ማንም የማይመርጣቸውን ትሰበስባለች። ሴቶቹን፣ ወፍራሞቹን፣ አንድ እግሩ የሚያጥረውን የአናጢውን ልጅ፣ ቀጮን። ደንቧ የተገላቢጦሽ ነው፦ የሳተ አይወጣም፣ ቡድን የምትመርጠው ትንሿ ናት፣ ሁሉም ይመታል። የራዳሜስ ልጆች ከወዲያ ማዶ “የጡረተኞች ዋንጫ” እያሉ ያፏጩባቸዋል። ኑሪስ ልጆቿን ከጨዋታው በፊትና በኋላ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የልብ ምታቸውን ታስቆጥራቸዋለች፣ ቁጥሩን እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ውኃ ይጠጡና ጥላ ሥር ያወራሉ። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ሴቶቹ የወር አበባ፣ ቤት ውስጥ ስለሚማታ አባት። ይሄ ሁሉ ለልጅ ይነገራል ወይ ብዬ ሰደብኳት። ጆሮዬን ግን ከዚያ አልነቀልኩም።

በሦስተኛው ወር ቀጮ ሁለት ሳህን ሩዝ ከባቄላ ጋር ጨርሶ ሦስተኛ ጠየቀኝ። ደረቱ ሲጢጥ ማለቱ ቀንሷል፤ መቼ መሮጥ፣ መቼ ቆሞ በአፍንጫ መተንፈስ እንዳለበት አስተምራዋለች። ጎረቤቴ ቤት ደግሞ ዮካስታ የምትባል የአስራ አራት ዓመት ልጅ አለች። አንድ ሞተር ብስክሌት ያለው፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ሽማግሌ በየቀኑ ማዕዘኑ ላይ ስልክ እገዛልሻለሁ እያለ ይጠብቃት ነበር። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም ዝም። ከጨዋታው በኋላ ስምንት ሴቶች የመጥረጊያ እንጨታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አብረው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን መንገዱን ሞልተው አጠገቡ ቆሙ። ሰውዬው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል አላለፈም። እኛ ትልልቆቹ ዓመት ያላደረግነውን ማለት ነው።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አንዬሎ ጓሮ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ቀጮ ከሜዳ ላብ በላብ ሆኖ ገባና ለጨዋታ ብሎ ሁለት ጣቱን የአንዬሎ አንገት ላይ አሳረፈ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ቆጠረ።

“እጅህን አንሣ፣ ማንም” አለው አንዬሎ። እንዲያ ብሎ ነበር የሚጠራው።

ቀጮ አላነሣም። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እማማ፣ እኔ ሮጬ መጥቼ መቶ አስር ነኝ። እሱ ተኝቶ መቶ ሠላሳ ነው።”

የልብ ምት ቁጥር ምንም እንደማይነግረኝ ያውቃል፣ ስለዚህ ጣቴን ይዞ መጀመሪያ የሱ አንገት ላይ፣ ቀጥሎ የአንዬሎ አንገት ላይ አደረገው። የተኛው ልጅ ልብ ወጥመድ ውስጥ የገባ ወፍ ይመስላል። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ድስት አንሥቼ ግቢው ላይ ወረወርኩት።

በማግስቱ ኑሪስ ጋ ሄድኩ። በየወሩ ለልጆቹ ሐኪም ታመጣለች፤ ቀጮን ለማስመዝገብ የልደት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ አይጥ በልቶታል ብያት ነበር። አሁን ሁሉን ነገርኳት፣ ወረቀቱን፣ ፈረሱን፣ ማንምን። ትሰድበኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልሰደበችኝም። ክዳኖቿን ከረጢት ውስጥ ከተተች። ሐሙስ ሐኪሟ ትመጣለች አለችኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አንዬሎ ሊበላ ምድጃዬ ዘንድ ሲቀመጥ፣ ክንድህ ያስቀናል፣ እስቲ ልለካው ብላ እየቀለደች የደም ግፊት መለኪያዋን አሰረችበት። ቀልዷ መሀል ላይ ቆመ። ደግማ ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች። ሆስፒታል ገብቶ ልቡ እስኪታይ ድረስ መርፌም ሩጫም እንዳይሞክር ነገረችው። ቅዳሜ ሙከራ አለኝ አላት። ቅዳሜ ልትሞት ትችላለህ አለችው። ሳቀ፣ ያኒኬኬውን ይዞ ሄደ።

ሐኪሟ ለሆስፒታሉ ወረቀት ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣችና “በማን ስም ልጻፈው?” ብላ ጠየቀችኝ።

መጥበሻ ሹካዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንዬሎ እንዳልል ዋና ከተማ ሄዷል ብለን አገር አስተምረናል። እስታርሊን እንዳልል እስታርሊን እዚያ ማዶ እንጨት ይዞ ክዳን እየጠበቀ ነው። ሁለት የልጅ ልጅ አሉኝ፤ አንዱ ስም የለውም፣ አንዱ የሰው ስም ለብሷል፤ ሐኪም ፊት ቆሜ የምጠራው አጣሁ። ዘይቱ አርሮ ጨሰ። በሰባ አንድ ዓመቴ እንዲያ ተዋርጄ አላውቅም፣ ያዋረደኝም ሌላ ሰው አይደለም።

ማሪቤልን የቅዳሜው ይቅር አልኳት። ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ቅዳሜ ይለፍ እንጂ ወዲያው ሆስፒታል እወስደዋለሁ አለች፤ ስለ ፎቁ ደረጃ ነው የምታስበው፣ ከውጭ ይሁን ከውስጥ። ራዳሜስ ሰምቶ ዓርብ ቤቴ መጣ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች ስፖርተኛ አያውቁም አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የመጨረሻ እሰጠዋለሁ፣ ለክንዱ ፍጥነት ሁለት ማይል ትጨምርለታለች አለ።

“አንተ ልጅ አለህ?” አልኩት።

“አለኝ ዶኛ።”

“ትወጋዋለህ?”

“እሱን? እሱ የጥርስ ሕክምና ነው የሚማረው” አለኝ። ሳያፍር። እንዲያውም ኮራ ብሎ።

ቅዳሜ ማለዳ አንዬሎን ጫማውን ሲያስር ደረስኩበት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ባሌ ትቶኝ ሲሄድ እንኳ ሻንጣውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ለመንኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል። “እማማ፣ ፎቅ ነው እኮ” አለኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ። ወጣ።

ሜዳው ሞልቷል። መልማዮቹ ጠረጴዛ ዘርግተው የፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የእኛ አገር ሰው ነው፣ የሚያስተረጉምላቸው። የኑሪስ ልጆች ሊያዩ መጥተው ሜዳው ዳር ያለው ግንብ ላይ ተደርድረዋል። ራዳሜስ አንዬሎን ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ጀርባ ወሰደው። የበረዶ ሣጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።

ድስቱን ከእሳቱ አወረድኩ። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

“እስታርሊን ብላችሁ የጻፋችሁት ልጅ እስታርሊን አይደለም” አልኩ። “አንዬሎ ነው። አስራ ስምንት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።”

የእኛው ሰውዬ ከእስክሪብቶው ቀና አለ። “እርስዎ ማን ነዎት?”

“የውሸት ወረቀቱን የሰጠሁት።”

ራዳሜስ እየሮጠ መጣ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ፈገግ አለ። አሮጊቷን ፀሐይ መቷታል፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ናት አለ። ጎረቤቶቼም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ በቀን ሁለቴ ጢም የላጨ፣ አዎ አንዳንዴ ያዘባርቃታል አለ። ሠላሳ ዓመት ከእጄ የበሉ ሰዎች ናቸው። ክርክር አልፈለግኩም። ወደ ሜዳው ዞርኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ተጣራሁ።

“እስታርሊን!”

ከመኪናው ጀርባ አንዬሎ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ብቅ አለ፤ ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ስም እንዲዞር አስተምረነዋል። ከግንቡ ላይ ደግሞ ቀጮ ተነሣ። ስምንት ወር ማንም አልጠራውም ነበር። “አቤት” አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ሁለቱ ሜዳው ላይ ተያዩ። ሰው ሁሉ አየ። መልማዩ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ደብተሩን ዘጋ። ተቆጥቶ አይመስልም፤ የሰለቸው ነው የሚመስለው፣ በሌላ ሰፈርም ያየው ነገር ነውና። የራዳሜስን ልጆች ሁሉ ወረቀት እንመረምራለን፣ ዛሬ ሙከራ የለም አለ።

ራዳሜስ ወደ መኪናው ተመለሰ። የሞላውን መርፌ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚጫወቱበት ሣር ላይ ወርውሮ አስነሥቶ ሄደ። ፈልጋ ያነሣችው ኑሪስ ናት፣ እጇን በላስቲክ ሸፍና።

አንዬሎ ሱሪውን አጥብቆ ወደ እኔ መጣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። “አያት የለኝም” አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ማሪቤል ሜዳው ላይ ተንበርክካ ፎቄን አፈረስሽው እያለች አለቀሰች። ልጅሽ ቆሟል፣ እሱን እዪ አልኳት። አላየችኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ከበላያችን ያሉት ሦስት ቤቶች የተዋሷቸው ወረቀቶች ተገኙ፤ አሁን በደጄ ሲያልፉ ይተፋሉ። አንድ ጠዋት ሊጤ ውስጥ አሸዋ አገኘሁ። ያኒኬኬ የሚገዛኝ መንገደኛና የኑሪስ ልጆች ብቻ ናቸው። አንዬሎን መልማዮቹ አባረሩት። ማሪቤል አልቅሳ ስትጨርስ፣ መደበቅ የሚያስፈልገው ነገር ስላልቀረ፣ በገዛ ስሙ ሆስፒታል ወሰደችው። ልቡ ወፍሯል አሉ። መድኃኒት ይወስዳል፤ ዓመት ያህል ኃይለኛ ሩጫ ተከልክሏል፤ ወጣት ስለሆነ ሊመለስለት ይችላል ብለዋል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። እስታርሊን ተመዝግቦ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት አገኘ፤ አሁን በስሙ ካልጠሩት አይዞርም፣ እልኸኛ ሆኗል፣ ደስ ይለኛል።

አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰውዬም መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ከሴቶቹ ልጆች ጋር ፎቶ ተነሣና አንድ ክዳን ሳይመታ ሄደ። ኑሪስ ለሜዳው የጠየቀችው የውኃ ቧንቧ እስካሁን አልተዘረጋም።

ራዳሜስ ከዚህ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት በሚወስድ ሰፈር ሥራውን ቀጥሏል። ሄጄ አየሁት። ልጆች ተሰልፈዋል፣ ጥርስ ያያል፤ እናቶቹ ከንፈራቸውን ተቀብተው ቆመዋል። ለአንዷ ስለ ፈረሱ ነገርኳት። ልጅሽ ስላልቀናው ነው አለችኝና ፊቷን አዞረች። ፊቷ ላይ ያየሁት ስምንት ወር መስታወት ውስጥ ሳየው የነበረውን ነው፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ከአውቶቡሱ ወርጄ መንገድ ዳር አስመለስኩ።

ኑሪስ አንዬሎን ለትንንሾቹ ክዳን አወራወር እንዲያሳይ ጠይቃው ነበር፤ መወርወር ሩጫ አይደለም ብላ። ከሕፃንና ከሴት ጋር አልጫወትም አላት። ደግማ ትጠይቀዋለች፤ አውቃታለሁ፣ ግትር ናት። እኔ ግን አልጠይቀውም። ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው እኔው ቤት ነው የሚኖረው። ማዕድ ሲቀርብ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይበላል። ሲያልቅበት አይናገርም፤ ሳህኑን ሳያየኝ በእጁ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እሞላለታለሁ።